ከልጆቻችን ጋር «ስኬለተን ክሩ»ን ስናይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደብረ ብርሃን ሲመሽ ብርዱ ከቤት አያስወጣም። ልጆች ባና ተከናንበው ቴሌቪዥን ፊት ይኮለኮላሉ። እኛም «ስኬለተን ክሩ»ን ያየነው እንዲሁ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር 2017 ዓ.ም. የወጣ ባለ 8 ክፍል የ«ስታር ዋርስ» የጠፈር ድራማ ነው። አራት ልጆች ጫካ ውስጥ ተቀብሮ ያገኙት አሮጌ መንኮራኩር ይዟቸው ይበራል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቤት የመመለስ ትግል ነው። በጣም ወድጄዋለሁ። ግን እኔም ጎረቤቶቼም ስናሳያቸው የተሳሳትነው ነገር አለ።

አንዱ፣ «የልጆች ነው» ብሎ ከፍቶላቸው ወደ ጓዳ መግባት ነው። የመጀመሪያው ክፍል ገና ሲጀምር ወንበዴዎች አንድ የጠፈር መርከብ ይወርራሉ። ትንሽ ልጅ ይህን ብቻውን ማየት የለበትም። የእኔ ትንሹ ያን ሌሊት እኔ ጎን ነው ያደረው።

ሁለተኛው የቋንቋ ነገር ነው። የእንግሊዝኛውን እያንዳንዷን ቃል ልተረጉም ስል ትልቋ «እማዬ፣ እስኪ ልየው» አለችኝ። እውነቷን ነው። አሁን ሳይጀምር ማን ማን እንደሆነ እነግራቸውና ዝም እላለሁ።

ከሁሉም የከፋው ግን ድራማውን ማስፈራሪያ ማድረግ ነው። «አየሽ? ሳታስፈቅጂ ብትወጪ እንደነሱ ትጠፊያለሽ!» እኔም ብያለሁ። የፈራ ልጅ ሲጠፋ ይደበቃል እንጂ ሰው አይጠይቅም። ድራማው ራሱ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አለው። ልጆቹ ወንበዴ የሞላበት ወደብ ደርሰው «ከአት አቲን ነው የመጣነው» ሲሉ የሚያምናቸው የለም። አት አቲን የልጆቹ ፕላኔት ናት፤ ለሌላው ሰው ግን የተረት አገር ናት። ልጆቹ ቤታቸውን ያውቃሉ፤ የት እንዳለ ግን አያውቁም።

እዚያ ላይ አቆምኩትና ትንሹን ጠየቅኩት። «አንተስ ገበያ መሃል ብትጠፋ የማን ልጅ ነኝ ትላለህ?»

«የእማዬ።»

«ቤትህስ የት ነው?»

«ከእትዬ ቤት አጠገብ።»

ደነገጥኩ። በዚያው ሳምንት የእኔንና የአባቱን ሙሉ ስም፣ ቀበሌያችንን፣ ስልክ ቁጥሬን እንደ መዝሙር አስጠናሁት። እዚያው ወደብ ላይ ልጆቹ ምግብ ሊገዙ የሚያወጡት ገንዘብ ጥንታዊና ውድ ሆኖ ይገኛል። የወንበዴው ሁሉ ዓይን ያርፍባቸዋል። ሰው ፊት ብር አውጥቶ ስለመቁጠር ስንት ቀን የመከርኳት ትልቋ ያን ጊዜ ነው የገባት።

ልጆቹ እዚያ ወደብ የሚያገኙትን፣ ተዋናዩ ጁድ ሎው የሚጫወተውን ጆድን በተመለከተ ደግሞ ቀድማችሁ አትፍረዱላቸው። ቁልፍ ሳይነካ ከሩቅ ሲስብ ልጆቹ ጄዳይ፣ ማለትም ልዩ ኃይል ያለው ደግ ተዋጊ ነው ብለው ያምኑታል። በየክፍሉ መጨረሻ «አሁንስ ታምኑታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ትልቋ ሁለቴ ሐሳቧን ቀይራለች። ሁለቴም ምክንያቷን ነገረችኝ። እኔ አስቀድሜ ብነግራት ኖሮ መመዘኑን አትለምደውም ነበር።

«የፈረንጅ ተረት ነው፣ አትጨቅጭቁኝ» ማለትም ስህተት ነው። ሰማይ የእኛም ነው። የከተማችን ስም ራሱ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሰማይ ላይ ከታየ ብርሃን ጋር የተያያዘ ነው። በፈረንጆቹ 1456 የታየችው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳትሆን አትቀርም የሚሉም አሉ። እውነቱንና ፈጠራውንም ለዩላቸው። መንኮራኩሩ ከኮከብ ኮከብ በአፍታ ይደርሳል። እውነተኛው ርቀት ግን ሌላ ነው። ከፀሐይ ቀጥሎ የሚቀርበን ኮከብ ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ ከ4 ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

ሰባተኛውን ክፍል እያየን መብራት ጠፋ። ባናችንን እንደተከናነብን ደጅ ወጣን። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ትንሹ አንዱን ኮከብ እያሳየ «እማዬ፣ እዚያ ብጠፋ ስልክሽ ይሠራል?» አለኝ። ከዚያ ሳልጠይቀው ቁጥሩን አንድ በአንድ ጠራልኝ። አንዱንም አልሳተም።