ሲሊንደር ስትቀይሩ ካርቡሬተሩን አትርሱት

የ50 ሲሲ ስኩተር ጉልበት እንዲጨምር የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ትልቅ ሲሊንደር ነው። ጂ ዋይ 6 በሚባለው በተለመደው የስኩተር ሞተር ላይ 39 ሚሊሜትሩ ፒስተን በ47 ሲተካ ወደ 72 ሲሲ ይጠጋል። ጥሩ። ግን ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) እንዳለ ከተተወ ሞተሩ ቤንዚን ያጥረዋል። ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑም ሊጣበቅ ይችላል። ስለዚህ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሿን ባለቀዳዳ ናስ (ዋናዋን ጄት) ሰፋ ባለች ቀይሩ። ከሰፊዋ ጀምሮ ወደ ጠባቧ መውረድ ይሻላል፤ ቤንዚን ቢበዛ ሞተሩ ይንተፋተፋል እንጂ በሙቀት አይጎዳም።

ከዚያ ጭር ባለ መንገድ ላይ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ሰጥታችሁ ትንሽ ንዱ። ወዲያው አጥፉት። በረድ ሲል ካንዴላውን ፍቱና ጫፉን እዩ። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ በዝቶበታል። የምትፈልጉት ፈዘዝ ያለ ቡኒ ነው። ማርሚታ ስትቀይሩም ይህንኑ ድገሙት። ፍሬኑንም እግረ መንገዳችሁን አስፈትሹ፤ የተሠራው ለ50 ሲሲ ነው።