ቢሮ ተቀምጦ ገጠርን ማጥናት፦ ጀማሪ የጂኦግራፊና የዘላቂ ልማት ተመራማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያ የመስክ ሥራዬን ስሠራ መጠይቄ ላይ «ስንት ከብት አለዎት?» የሚል ጥያቄ ነበር። በአንድ የወይና ደጋ ቀበሌ አንድ አዛውንት «ሁለት በሬ ብቻ ነው ያለኝ» አሉኝ፤ እኔም «2» ብዬ ጻፍኩ። ቡና ተፈላ። አቦሉ አልፎ ቶናው ሲቀዳ ልጃቸው ከብት እየነዳ ከወንዝ ተመለሰ። ሳላስበው ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። አዛውንቱ አየት አደረጉኝና «የጎረቤትም አለበት» ብለው ቆሎውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ያን ቀን የተናደድኩት በእሳቸው ነበር። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ከዚያ ወዲህ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎችን አማክሬአለሁ፣ ፈትኛለሁም። ስህተቶቹ በየዓመቱ ተመላልሰው ይመጣሉ፤ አብዛኞቹን ራሴም ሠርቻቸዋለሁ።

ከሊቀመንበሩ ኋላ ተከትሎ ቤት መግባት

አካሄዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ይጽፋል፤ ደብዳቤው ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይመራል። ቀበሌው ደግሞ መንገድ እንዲያሳይ ብሎ ሊቀመንበሩን ወይም የግብርና ባለሙያውን ያስከትላል። ያለ ደብዳቤ መሄድ አይቻልም፤ መሞከርም የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ሰውየውን ይዞ ቤት ሲገባ ነው። እኔ ያን ቀን ከሊቀመንበሩ ጋር ነበርኩ፤ ያን ሰሞን ደግሞ ቀበሌው ለድሆች እርዳታ በሚሰጠው በሴፍቲኔት የሚታቀፉ ቤተሰቦችን እየለየ ነበር። በአዛውንቱ ቦታ ብሆን እኔም ከሁለት በሬ በላይ አይኖረኝም ነበር።

የገጠር ሰው ወረቀት ይዞ የሚመጣን እንግዳ ከግብር፣ ከማዳበሪያ ዕዳ፣ ከእርዳታ ስም ዝርዝርና ከመሬት ልኬታ ጋር ያያይዘዋል፤ ኑሮው ያስተማረው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን አስመዝግባችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት መጠይቅ ሳታወጡ አሳልፉ። ገበያ ውጡ፤ ለቅሶ ካለ ድረሱ። የከብቱን ብዛት ፊት ለፊት ከመጠየቅ «ዘንድሮ ስንት ጥጃ ተወለደ? ምን ተሸጠ? ማን ያግዳል?» ማለት ይሻላል፤ ቁጥሩ ከጨዋታው መሀል ራሱ ይወጣል። መሬትም እንደዚያው ነው። በሄክታር ጠይቆ በጥማድ የተመለሰን መልስ በአራት አካፍሎ መመዝገብ ልማድ ሆኗል። ጥማድ ግን ከመነሻው አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ማለት ነው፤ ተዳፋቱ፣ አፈሩና የበሬው ጉልበት ይለዋውጠዋል። ጥቂት ማሳዎችን ራሳችሁ ለክታችሁ የዚያን አካባቢ ጥማድ ሳታውቁ አታካፍሉ።

በጥርና በየካቲት ብቻ መሄድ

እንግሊዛዊው የልማት ተመራማሪ ሮበርት ቻምበርስ በ1983 እ.ኤ.አ. ይህን በሽታ ለይቶ ጽፎታል፦ ባለሙያዎች ገጠርን የሚያዩት በበጋ ነው፣ ከመኪና መንገድ ሳይርቁ፣ ከደህና ኗሪዎችና ፕሮጀክት ካለበት ሰፈር ጋር ብቻ። የእኛ የትምህርት ዘመን አቆጣጠርም ይህንኑ ያባብሰዋል። በጥር የጠየቃችሁት አባወራ ጎተራው ሞልቶ ልጁን እየዳረ ነው። ስለ ምግብ ዋስትና የምትጽፉ ከሆነ ነሐሴ ላይ፣ ጭቃው እስከ ጉልበት ሲደርስ፣ እሱኑ ሰው ተመልሳችሁ ጠይቁ። መልሱ አንድ ዓይነት ከሆነ ንገሩኝ።

በቀመር መመካት

የአገራችንን የመመረቂያ ጽሑፎች የገለጠ ሰው የናሙናው ቁጥር በ300ና በ400 መካከል መሆኑን አስቀድሞ መገመት ይችላል። ምክንያቱ የናሙናን ብዛት የሚያሰላው የታሮ ያማኔ ቀመር ነው፦ የሕዝቡ ብዛት 5 ሺህ ቢሆን 370፣ 100 ሺህ ቢሆን 398 ይሰጣል፤ በ5 በመቶ የስህተት ህዳግ ከ400 አይዘልም። ቀመሩ በራሱ ጥፋት የለበትም። ግን ሰዎቹ በቀጥታ ዕጣ እንደተመረጡ አድርጎ ያስባል። እኛ ግን ወረዳውን ለትውልድ ቦታችን ስለሚቀርብ፣ ቀበሌውን ደግሞ አውቶቡስ ስለሚገባበት መርጠን ስናበቃ የመጨረሻዋን ደረጃ በቀመር እናስጌጣለን። ከዚያም ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የመሬት ስፋትና ከገበያ ያለው ርቀት ወደ ኮምፒውተር ይገባሉ፤ የየትኛውም ወረዳ ጥናት ከሌላው የማይለይ ሆኖ ይወጣል። በፈተና ወቅት «ይህን ወረዳ ከጎረቤቱ ምን ይለየዋል?» ስል ዝምታ ይሰፍናል። በጂኦግራፊ ትምህርት ክፍል ለሚመረቅ ሰው ከዚህ የከበደ ጥያቄ መኖር አልነበረበትም።

የተወረሰ ቁጥር

በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የሙያውን ስም የሚጎዳው ይህ ነውና። «በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የኢትዮጵያ 40 በመቶ መሬት በደን ተሸፍኖ ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ማን ለካው? በዚያ ዘመን ሳተላይት ቀርቶ አገሪቱን የሚያሳይ የአየር ፎቶግራፍም አልነበረም። አንዱ ከሌላው፣ ሌላው ከቀዳሚው እየቀዳ ቁጥሩ ሸምግሎ የተከበረ ሆነ እንጂ ከስሩ ልኬት የለም። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን በ1997 እ.ኤ.አ. ይህን ትረካ ፈትሾ ነገሩ እንደተባለው ቀጥ ብሎ የወረደ መስመር አለመሆኑን አሳይቷል። ቤልጂየማዊው ጂኦግራፈር ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ደግሞ የበለጠ ደስ የሚል ሥራ ሠሩ። በ1868 እ.ኤ.አ. አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ይዘው፣ ካሜራው የቆመበትን ቦታ እያፈላለጉ፣ ከ140 ዓመት በኋላ ያንኑ ተራራ ዳግም አነሡት። ብዙዎቹ ቦታዎች ዛሬ ከያኔው የተሻለ ዛፍና የተሻለ እርከን አላቸው።

ይህ ማለት ደን አልጠፋም ማለት አይደለም። በደቡብ ምዕራብ በዓይናችን ሥር ሲመነጠር አይተናል። የየቦታው ታሪክ ይለያያል፤ የእናንተ ሥራ ደግሞ የዚያን ቦታ ታሪክ መንገር ነው። ሽማግሌዎች «ይህ ሜዳ በአባቴ ጊዜ እንዲሁ ባዶ ነበር» ሲሏችሁ ከመግቢያችሁ ጋር ስለማይስማማ አትዝለሉት። በምዕራብ አፍሪካዊቷ ጊኒ፣ ኪሲዱጉ በተባለ አካባቢ፣ ለአሥርት ዓመታት የደን ባለሙያዎች በመንደሮች ዙሪያ ያሉትን ጫካዎች የጥንቱ ደን ርዝራዥ ናቸው ይሉ ነበር፤ አንትሮፖሎጂስቶቹ ጄምስ ፌርሄድና ሜሊሳ ሊች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲያጠኑት ዛፎቹን ያበዛው ኗሪው ራሱ ሆኖ ተገኘ።

ስምንት መደመር

ትንሽ የሚመስል፣ ግን ጽሑፍን የሚያበላሽ ነገር ነው። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት «የ2010 ምርት» ብሎ የሰጠውን አኃዝ ተማሪው ስምንት ደምሮ 2018 እ.ኤ.አ. ያደርገውና ከ2018 የዝናብ መረጃ ጋር ያጋጨዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ 2010 የተሰበሰበው መኸር ግን የበቀለው በ2017 እ.ኤ.አ. ክረምት ነው። የበጀት ዓመቱም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ አንዱ ዓመት በሁለት ዓመት ላይ ይጋለባል። እንዲህ ተዘበራርቆ «ዝናብና ምርት ግንኙነት የላቸውም» የሚል ድምዳሜ አንብቤ አውቃለሁ! የሕዝብ ቁጥር ሲጠቀስም መጠንቀቅ ያሻል። ቆጠራ የተካሄደው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛው ተራዝሞ ተራዝሞ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ የምትጠቅሱት ሁሉ ትንበያ ነው፤ በመሀሉ ደግሞ ስንት ወረዳና ቀበሌ ተከፍሏል።

«ግንዛቤ ማስጨበጫ ይሰጥ»

የመጨረሻውን ምዕራፍ ሳልገልጥ የማውቀው የመፍትሔ ሐሳብ ይህ ነው። አርሶ አደሩ እርከኑን አፈረሰ፤ ግንዛቤ ይጎድለዋል። ባሕር ዛፍ ማሳው ላይ ተከለ፤ ግንዛቤ ይጎድለዋል። አንዴ እርከን ያፈረሰ ገበሬ ምክንያቱን ጠይቄው ድንጋዩ አይጥ እንደሚያራባ፣ የጠባብ ማሳውን ወርድ እንደሚበላበት፣ በሬ ሲያዞር ደግሞ እንደሚያስቸግረው በተራ አስረዳኝ። እኔ በአራት ዓመት ትምህርት ያልሰማሁት ነበር። ኮንሶዎች ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገበውን እርከን ሲገነቡ ከ400 ዓመት በላይ የቆዩት የማንንም ስብሰባ አበል ሳይቀበሉ ነው።

ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ገና ዱሮ ስለ ረሀብ ሲመራመሩ ዝናብን ብቻ ተጠያቂ አላደረጉም፤ ገበሬውን ለረሀብ ያጋለጠው ማነው፣ ምርቱን የሚወስድበትስ ማነው ብለው ጠየቁ። ከእሳቸው በኋላ የመጣነው ጂኦግራፈሮች ወደ «ግንዛቤ» መመለሳችን የኋሊት ጉዞ ይመስለኛል። ሰው እናንተ የማትስማሙበትን ነገር ሲያደርግ የዋጋውን፣ የጉልበቱንና የይዞታውን ሂሳብ አብራችሁት ሥሩ። ሂሳቡ አልገጥም ሲል ብቻ ስለ ግንዛቤ እናወራለን።

«ዘላቂ» የሚለው ቅጽል

በመስከረም 2015 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት 17 ዋና ዋና ግቦችንና 169 ንዑስ ግቦችን አጸደቀ። ከዚያ ወዲህ የምርምር ሐሳብ ሁሉ መጨረሻው ላይ የግብ ቁጥር ይለጠፍበታል። ግቦቹ እርስ በርስ እንደሚጋጩ ግን የሚጽፍ ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ዳር ኮዬ ፈጬ የተገነባው ኮንዶሚኒየም ለከተማው ቤት አልባ መጠለያ ነው፤ በዚያ ያርስ ለነበረው ገበሬ ደግሞ የማሳ መጨረሻ። ለማን ዘላቂ? እስከ መቼ? በማን ኪሳራ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የማይመልስ ጽሑፍ ቅጽሉን ቢተወው ምንም አይጎድልበትም።

ርዕስን ከገንዘቡ ጋር ማዞር

የመምህር ደመወዝ ምን እንደሚገዛ ስለማውቅ የማማከር ሥራ የሚሠራን ባልደረባ አልወቅስም። ነገር ግን ዘንድሮ አየር ንብረት፣ ለከርሞ ስደት፣ ቀጥሎ የወጣቶች ሥራ እያሉ በሦስት ሳምንት ሪፖርት ሲዘዋወሩ አሥር ዓመት ያልፍና በእጅ የቀረ የራስ ጥያቄ አይኖርም። መረጃውም የአሠሪው ንብረት ስለሆነ አይታተምም። ከውጭ ፕሮጀክት ጋር ስትሠሩ መረጃው የማን እንደሚሆንና ስማችሁ የት እንደሚገባ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ ካለዚያ የመጨረሻው ድርሻችሁ በምስጋናው አንቀጽ ውስጥ ይቀራል። አንድ ወረዳ ምረጡና አትልቀቁት። ከድርቁ በፊትም ከድርቁ በኋላም እዚያው የነበረ ሰው የሚያውቀውን ነገር የትኛውም ሶፍትዌር አይሰጣችሁም። የሦስተኛ ዲግሪ ዕድል ስትፈልጉም ከተቀባዩ ፕሮፌሰር ፊት የሚያስቆማችሁ ይኸው ነው።

ስለ ኅትመት ብዙ አልልም። «ክቡር ፕሮፌሰር» ብሎ ረዳት ፕሮፌሰር ላልሆነ ሰው የሚጽፍ፣ ጽሑፍን በአምስት ቀን ተቀብሎ ዶላር የሚጠይቅ ጆርናል ገንዘብ ለመልቀም ብቻ የቆመ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የማዕረግ ዕድገት ሲገመገም ያፍሩበታል።

ሳይመለሱ መቅረት

አብዛኞቻችን መረጃውን ወስደን እንጠፋለን። እኔም ጠፍቼ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ወደዚያ ቀበሌ ስመለስ ግኝቱን በአማርኛ በሁለት ገጽ አሳጥሬ፣ የማንንም ስም ሳልጠቅስ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ዋርካው ሥር አነበብኩላቸው። «በዚህ ቀበሌ አንድ አባወራ በአማካይ ሁለት ከብት ተኩል አለው» ስል ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ በረድ ሲል እኚያ አዛውንት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡና «በል ልጄ፣ አሁን ብዕርህን አውጣ» አሉኝ።