የቀበሌ ቡድኖችን ውድድር ሳይፈርስ ዋንጫው ላይ ማድረስ

የቀበሌዎች እግር ኳስ ውድድር ግማሽ መንገድ ሄዶ ሲፈርስ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ተጫዋች ነው። «ይሄ ልጅ የደብረ ብርሃን ነው፣ የዚህ ቀበሌ ሰው አይደለም» ይባላል። ኮሚቴው ማስረጃ ሲጠየቅ በእጁ የለም። የተከሰሰው ቡድን «እነሱም እኮ ሁለት አላቸው» ይላል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስት ቡድን ሳይመጣ ይቀራል። ስለዚህ ከኳሱ በፊት ከመዝገቡ እንጀምራለን። ይህ የተጻፈው ለወረዳ የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎችና በየቀበሌው ውድድር ለሚያስተባብሩ ወጣቶች ነው።

ምዝገባ

ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ቅጽ ይሞላ፦ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ቀን፣ የሚኖርበት ቀበሌና ጎጥ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት የተጫወተባቸው ቡድኖች በሙሉ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ የመታወቂያ ቅጂ። አንዱ ፎቶ ቅጹ ላይ፣ ሌላው ተጫዋቹ በሚይዘው ቴሴራ (የተጫዋችነት መታወቂያ ካርድ) ላይ ይለጠፋል፤ ማኅተሙ ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ይረፍ። ፎቶውን ብቻ የሳተ ማኅተም ካለ ፎቶ መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

መዝገብ ላይ ሁለት ስህተት ይደጋገማል። አንደኛው የስም አጻጻፍ ነው። «ገ/መስቀል» ተብሎ በአንድ ቀበሌ፣ «ገብረመስቀል» ተብሎ በሌላ ቀበሌ የተመዘገበ ልጅ በስም ቅደም ተከተል ሲፈለግ አይገኝም። ምዝገባው ሲዘጋ ሁሉንም ቅጽ በትውልድ ቀን ደርድሩና አጠገብ ለአጠገብ የወደቁትን በፎቶ አስተያዩ። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። አንዱ ሰነድ በኢትዮጵያ፣ አንዱ በአውሮፓ አቆጣጠር ይጻፋል፤ ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ስለሆነ ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ ትልቅ ሰው ሊገባ፣ ትንሹም ሊባረር ይችላል። ቅጹ ላይ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ይኑሩ፤ አንዱ ሳይመረጥ ቅጹ አይቀበል። ለታዳጊዎች ከመታወቂያ ይልቅ የትምህርት ቤት መዝገብ ይታመናል፤ የአንደኛ ክፍል ምዝገባ ሲሞላ ስለ ኳስ ያሰበ ሰው የለምና።

የመጨረሻው የምዝገባ ቀን ከመጀመሪያው ጨዋታ 10 ቀን ይቅደም። የሁሉም ቡድን ስም ዝርዝር በጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ለ5 ቀን ይለጠፍና ቅሬታ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ። ያኔ ያልተነሳ የነዋሪነት ክስ በኋላ እንዳይሰማ ደንቡ ላይ ጻፉት። የሐሰት ሰነድ ግን በማንኛውም ጊዜ ይከሰስ።

ከውጭ የሚመጡትን በነጥብ መገደብ

«የውጭ ተጫዋች ፈጽሞ አይገባም» የሚል ደንብ የሚያምረው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። በአጠገባችሁ ያለው ልጅ ለትምህርት መጥቶ ሁለት ዓመት ተከራይቶ ይኖራል፤ መምህሩ የሌላ ወረዳ ተወላጅ ነው። እነሱን ስትከለክሉ ሰው መታወቂያ ማጭበርበር ይጀምራል።

የተሻለውን መንገድ ከአውስትራሊያ መዋስ ይቻላል። እዚያ የራሳቸው የሆነ እግር ኳስ አለ፤ ሞላላ ሜዳ ላይ 18 ለ18 ሆነው፣ ኳሱን በእጅም እየያዙ ይጫወቱታል። ደንቡ መጀመሪያ የተጻፈው ሜልቦርን ከተማ በ1859 እ.ኤ.አ. ነው። የየመንደሩን ክለቦች በየክልሉ ያለ አካል ይመራቸዋል፤ ራስ ምታታቸውም ከእኛው አይለይም፦ ገንዘብ ያገኘ ክለብ ከየቦታው ተጫዋች ሰብስቦ ሌላውን ተስፋ ያስቆርጣል። የቪክቶሪያ ክልል በ2016 እ.ኤ.አ. የነጥብ አሠራር አመጣ። ተጫዋቹ የት እንዳደገና በምን ደረጃ እንደተጫወተ ታይቶ ነጥብ ይያዝለታል፤ በክለቡ ውስጥ ያደገ አንድ ነጥብ ብቻ፣ ከትልቅ ሊግ የመጣ ብዙ። ለዕለቱ የሚሰለፉት ድምር ከተወሰነው ጣሪያ ማለፍ አይችልም።

ለወረዳ እንዲህ አቅልሉት። የቀበሌው ነዋሪ 1፣ በትምህርት ወይም በሥራ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ 2፣ ከሌላ ቀበሌ የመጣ 3፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት በክለብ ደረጃ የተጫወተ 5 ነጥብ። በጨዋታ ወረቀቱ ላይ ለሚጻፉት 16 ተጫዋቾች ጣሪያው 25 ይሁን። አሥራ አራት ነዋሪና ሁለት የክለብ ተጫዋች 24 ነው፣ ያልፋል። አሥራ ሦስት ነዋሪ፣ ሁለት የክለብና አንድ የሌላ ቀበሌ ልጅ 26 ይሆናል፣ አያልፍም። አራተኛው ዳኛ ከጨዋታው በፊት ይደምረዋል፤ ካለፈ አሰልጣኙ ስም ይሰርዛል፤ ክርክር የለም። ነጥቡ በምዝገባ ጊዜ ቴሴራው ላይ በቀይ ይጻፍ እንጂ ሜዳ ላይ እንዲወሰን አትፍቀዱ።

ጊዜና ድልድል

ከሰኔ እስከ መስከረም ሜዳው ረግረግ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ተጫዋቹም ተመልካቹም አጨዳና ውቂያ ላይ ነው። ከጥምቀት ማግስት እስከ ዓቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል፤ የጾሙ መግቢያ ግን በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ አንዳንድ ዓመት ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ይተርፋችኋል። ጾም ውስጥ መግባት ግድ ከሆነ አጋማሹን 40 ደቂቃ አድርጉት። በመንዝና በጣርማ በር ደጋ ላይ የበልጉን ዝናብም አስቡ። ገበሬው የማያርስባቸው በዓላት፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ ከቅዳሜ የበለጠ ሰው ያመጣሉ። የገበያ ቀንና የጁምዓን ቀትር ተዉ።

ስምንት ቡድን እርስ በርስ ቢጫወት 28 ጨዋታ በ7 ዙር ነው። አንድ ሜዳ ላይ በቀን ሁለት ጨዋታ ቢደረግ 14 ቀን ይፈጃል። አሥር ቡድን ከሆነ ግን 45 ስለሚደርስ አትሞክሩት፤ አምስት አምስት አድርጋችሁ በሁለት ምድብ ክፈሉ። የምድቡ 20፣ ግማሽ ፍጻሜው 2፣ ደረጃና ዋንጫ 2፣ በድምሩ 24 ይሆናል። ድልድሉን ለማውጣት ቁጥሮቹን በሁለት ረድፍ ጻፉ፣ 1 ቁጥርን ከቦታው አታንቀሳቅሱ፣ ሌሎቹን በየዙሩ አንድ ቦታ ወደፊት አዙሩ። ዕጣው የሁሉም ቡድን መሪ ባለበት ይውጣ።

የምድቡ የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት ካልተደረጉ ሁለተኛው ጥንድ ውጤቱን አውቆ ይገባና ሁለቱን የሚያሳልፍ አቻ ይስማማል። ሁለት ሜዳ ከሌላችሁ ለዚያች ቀን የአጎራባች ትምህርት ቤት ሜዳ ተዋሱ። መንገድ ተዘግቶ የቀረ ቡድንም በፎርፌ አይቀጣ፤ ቀበሌው በዕለቱ በስልክ ካረጋገጠ ጨዋታው ይተላለፍ።

ሜዳውን ማስመር

ሕጉ ርዝመቱን ከ90 እስከ 120፣ ስፋቱን ከ45 እስከ 90 ሜትር ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ሜዳም በ90 በ50 ሕጋዊ ይሆናል። ማዕዘኑን ለማቅናት ከጥጉ በአንዱ መስመር 6፣ በሌላው 8 ሜትር ለኩና ችካል ምቱ፤ በሁለቱ ችካሎች መካከል ልክ 10 ሜትር ካልመጣ ጥጉ ጠማማ ነው። ሲጨርሱ ሁለቱን ሰያፎች መለካት ነው። 100 በ64 ለሆነ ሜዳ እያንዳንዳቸው 118 ሜትር ከ73 ሳንቲ ሊመጡ ይገባል። መስመሩ ሁሉ ሲደመር ከ680 ሜትር ይበልጣል፤ ኖራ ስትገዙ ይህን አስቡ። ውሃ ሲነካው የሚፈላውን ጥሬ ኖራ በጭራሽ አትጠቀሙ፤ ላብ ላይና ዓይን ውስጥ ሲገባ ያቃጥላል። የደብረ ብርሃን አካባቢ ነፋስ የተረጨውን ስለሚያነሳው በማለዳ አርጥባችሁ አስምሩ።

ጎሉ ከቋሚ እስከ ቋሚ በውስጥ በኩል 7 ሜትር ከ32፣ ከመሬት እስከ አግዳሚው ታችኛው ጠርዝ 2 ሜትር ከ44 ነው። የባሕር ዛፍ አግዳሚ የሚያጣላው እዚህ ላይ ነው። እርጥብ እንጨት ከተሰቀለ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወገቡ ይሰምጣል፤ ጫፎቹ ጋ 2.44 የነበረው መሐሉ ላይ ዝቅ ይልና «ብረት ቢሆን ይገባ ነበር» የሚል ክርክር ይነሳል። ተልጦ በጥላ የደረቀ፣ ውፍረቱ ከ12 ሳንቲ ያላለፈ ግንድ ምረጡ። ፍጹም ቀጥ ያለ አይገኝምና ጉብጠቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ ክብደቱ ራሱ እያቃናው ይሄዳል። ቋሚዎቹ 80 ሳንቲ ይቀበሩ፣ የሚቀበረው ክፍል ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ ዘይት ይቀባ። ከየጨዋታው በፊት አንድ ሰው ቋሚውን ይዞ ይነቅንቀው፤ ከተንቀሳቀሰ ልጆች እንዳይንጠለጠሉበት ከልክሉና ድንጋይ እየጠቀጠቃችሁ አጥብቁት።

ተመልካቹ ከመስመሩ 3 ሜትር ርቆ በገመድ ይከለል። ገመድ ከሌለ የመስመር ዳኛው የሚሮጥበት ቦታ አይኖረውም፤ ከጨዋታ ውጭ የሚለው ጥሪም ያኔ የተመልካቹ ይሆናል።

ዳኞችና ቅጣት

ዳኞችን ከትምህርት ቤት የስፖርት መምህራን መልምሉ፤ ከመክፈቻው በፊት ሁለት ቅዳሜ በሕጉና በእጅ ምልክት ላይ አሠልጥኗቸው። የተጫዋቾቹ ቀበሌ ሰው የሆነ ዳኛ አይመደብ፤ ምደባው በዕለቱ ጠዋት ይነገር። አበሉን ወረዳው ከፉጨት በፊት በፊርማ ይክፈል። ባለሜዳው ቡድን ለዳኛ ምሳ እንዳያበላ ደንቡ ላይ ይጻፍ፤ አንዲት በየዓይነቱ የሙሉ ዓመት ሐሜት ታመጣለች።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያለ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ሁሌም ብቅ ይላል። ለገና ጨዋታ ያምራል፤ ለነጥብ ውድድር ግን ቅጣቱ ቀድሞ በሰንጠረዥ ይጻፍ። ቀይ ካርድ ቢያንስ አንድ ጨዋታ፣ ዳኛ መስደብ ሦስት፣ ዳኛ መምታት ከሙሉ ውድድሩ መታገድ። የገንዘብ ቅጣት አትመኑበት፤ ደሃ ቀበሌ አይከፍልም፣ ካልከፈለም አትከለክሉትም። ደጋፊው ሜዳ ለገባ ቡድን ነጥብ ቀንሱበት። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሦስት ሰው፣ የይግባኙ ሌላ ሦስት ሰው ይሁን፤ አንድም ሰው ሁለቱ ላይ አይቀመጥ፣ የቡድን መሪም አይግባበት። ይግባኝ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ከተረታ የማይመለስ ማስያዣ ተይዞ ይቅረብ።

ጉዳት ሲደርስ

ጭንቅላቱን የተመታን ልጅ ውሃ ደፍቶበት ወደ ሜዳ መመለስ በየሜዳው የሚታይ ክፉ ልማድ ነው። ወጌሻው ጨዋታው ከማን ጋር እንደሆነ፣ አሁን ስንተኛው አጋማሽ እንደሆነ፣ መጨረሻ ያገባው ማን እንደሆነ ይጠይቀው። ከተደናገረ፣ ካስመለሰው፣ ሚዛኑን ካጣ፣ ለጥቂት ሰከንድም ራሱን ከሳተ ለዕለቱ አበቃለት፤ ማታም ብቻውን አይተኛ። ራስ ምታቱ ከጠና ወይም እንቅልፍ ከከበደው ጤና ጣቢያ ሳይሆን ሆስፒታል ይሂድ። በአውስትራሊያ የማኅበረሰብ ሊጎች እንዲህ የተመታ ተጫዋች ቢያንስ ለ21 ቀን አይሰለፍም። ያው ደንብ ለእኛም ይሠራል፤ ቴሴራውን ኮሚቴው ይያዝበት።

የተሰበረ እግር አይታሽ፣ አይሳብ። ከስብራቱ በላይና በታች ያለውን መገጣጠሚያ አልፎ በሁለት እንጨትና በነጠላ ይታሰር። በባጃጅ አታጣጥፉት፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ የወረዳውንም ስልክ የጨዋታ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፉ። ከሸዋ ሮቢት ወይም ከአጣዬ ወደ ደብረ ብርሃን የወጣ ቡድን በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ያለከልካል፤ ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ሕመም አይደለም፤ ቀስ ብለው ይጀምሩ፣ አምስት ቅያሪም ይፈቀድላቸው።

ገንዘብና ዕቃ

ሦስት ፈራሚ ያለው የባንክ ሒሳብ ይከፈት፤ ስፖንሰር በግለሰብ ስልክ የላከው ብር በዚያው ቀን ገቢ ሆኖ ደረሰኝ ይቆረጥለት። ለአንድ ሜዳ አራት 5 ቁጥር ኳስ ይበቃል፤ ሁለቱ ለጨዋታ፣ ሁለቱ ለማሟሟቂያ። ቆላ ላይ የተነፋ ኳስ ደጋ ሲደርስ ልኩ ስለሚለወጥ የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ይነፋ። ዋንጫው በተሰጠ ማግስት መረቡን አውርዳችሁ ጭቃውን እጠቡ፣ በጥላ አድርቁና ከጣሪያው በሽቦ አንጠልጥሉት፤ መጋዘን ወለል ላይ የተጣለ መረብ እስከ ሚቀጥለው ጥምቀት አይጥ ይጨርሰዋል።