ለገና የሚደርስ በግ ማድለብ

ገና ታኅሣሥ 29 ስለሆነ ማድለብ የሚጀመረው በመስከረም መጨረሻ ነው። ዓመት የሞላው፣ ቁመናው ጥሩ ሆኖ የከሳ ጠቦት ይመረጣል፤ የሚያስለውን ወይም የሚያስቀምጠውን አይግዙ። መጀመሪያ የሆድ ትላትል መድኃኒት በክብደቱ ልክ ይሰጠው።

ድርቆሽና ውሃ እንደልቡ ያግኝ። 2 እጅ ፉርሽካ ከ1 እጅ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረ የኑግ ቅሪት) ጋር ተቀላቅሎ በቀን በ100 ግራም ይጀመርና በ2 ሳምንት ቀስ እያለ ወደ 400 ይደርሳል፣ ጠዋትና ማታ ተከፍሎ። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ሆዱ ሳይለምድ ሲበዛበት ውስጡ አሲድ ይሆናል፤ መኖ ይተዋል፣ ይነፋል፣ ሊሞትም ይችላል። ገብስ ወይም ስንዴ ከሆነማ ይብሳል! ምልክቱ ከታየ ድርቆሽና ውሃ ብቻ ይስጡት፤ ካልተሻለው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።

በደጋ ውርጭ በረቱ ደረቅ፣ ጭድ የተነጠፈበት ይሁን፤ ከላይ ግን አየር ያስወጣ፣ የታፈነ የሽንት ሽታ ሳል ያመጣልና። በጾሙ ገበያው ቀዝቃዛ ነው፤ የመጨረሻውን ሳምንት ይጠብቁ። ያልተሸጠው ለጥምቀት ይቆያል።