ቦዦሌን መርጦና አቀዝቅዞ ማቅረብ

ቦዦሌ ከፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ በስተሰሜን ባሉ ኮረብታማ መንደሮች፣ ጋሜ ከተባለው የወይን ዝርያ የሚጠመቅ ቀይ ወይን ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ሳይቀመስ፣ እንደ ሌላው ቀይ ወይን ሳይቀዘቅዝ ስለሚቀርብ ነው።

ግዢው የሚጀምረው በጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከማንበብ ነው። «ቦዦሌ» ብቻ የሚለው ተራው ሲሆን «ቦዦሌ ቪላዥ» አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ከሁሉም በላይ ያሉት «ክሩ» የሚባሉት 10 ስፍራዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚጽፉት የራሳቸውን ስም ብቻ ስለሆነ፣ ገዢው ስማቸውን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። ፍሌሪና ሺሩብል ለስለስ ያሉና የአበባ መዓዛ ያላቸው ሲሆኑ፣ ሞርጎንና ሙለን አ ቫን ጠንከር ብለው ለዓመታት መቀመጥ ይችላሉ። ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ፍሌሪን ነው። በየዓመቱ በኖቬምበር ሦስተኛ ሐሙስ የሚወጣው «ኑቮ» ደግሞ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚጠጣ ነው፤ አስቀምጦ ማቆየቱ ትርፍ የለውም።

ይህ ወይን ቅዝቃዜን የሚችለው በአጠማመቁ ምክንያት ነው። ዘለላው ሳይጨመቅ እንዳለ ወደ ማፍያው ይገባል፤ ከታች ያሉት ፍሬዎች በላያቸው ባለው ክብደት ፈርጠው መፍላት ሲጀምሩ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማፍያውን ይሞላዋል፤ ያልፈረጡት ፍሬዎችም አየር በሌለበት በየውስጣቸው መብላላት ይጀምራሉ። የእንጆሪና የቼሪ መዓዛው የሚጎለብተው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ አፍ የሚያደርቀው ታኒን ግን ከልጣጩ ብዙም አይወጣም። ታኒን የበዛበት ወይን ሲቀዘቅዝ ይመራል፤ ቦዦሌ ግን ይበልጥ ይጣፍጣል።

ስለዚህ ጠርሙሱን ከመክፈትዎ በፊት ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩት፤ የሚፈለገው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። እንግዳ ደርሶ ጊዜ ካጠረ፣ በረዶና ውኃ በተቀላቀለበት ባልዲ ውስጥ 15 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ በረዶ ብቻውን ጠርሙሱን ዙሪያውን ስለማይነካው ይዘገያል። ከመጠን በላይ ከቀዘቀዘ መዓዛው ይታፈናል፤ ያን ጊዜ ብርጭቆውን በመዳፍ አቅፎ ትንሽ መታገሥ ነው። ሞርጎንና ሙለን አ ቫን ሲሆኑ አንድ ሁለት ዲግሪ ሞቅ ቢሉ ይሻላል።

ከምግብ የተጠበሰ ዶሮ ይስማማዋል፤ ሊዮኖች ከደረቅ ቋሊማቸው ጋር ይጠጡታል። የተረፈውን በቡሽ ከድነው ፍሪጅ ውስጥ ካስቀመጡት፣ ሁለት ቀን ያህል ጣዕሙን ይዞ ይቆያል።