አንድ እንቁላል፣ አንድ ወንዴ ሴል፦ ስለ ዕፅዋት ፅንሰት የሚበዙ ስህተቶች

አንድ እንቁላል መዋሐድ ያለበት ከአንድ ወንዴ ሴል ጋር ብቻ ነው፤ ዕፅዋት ከአንድ በላይ እንዳይዋሐደው እንዴት እንደሚከላከሉ ሲነገር የሚበዙት ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

የእንስሳቱን ታሪክ ለዕፅዋት እንዳለ መቅዳት። በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። የባሕር ጃርት እንቁላል በሚዋኙ ወንዴ ሴሎች ይከበባል። አንዱ ሲገባ ሽፋኑን ይለውጥና ሌሎቹን ይመልሳል። የሚያብቡ ዕፅዋት ወንዴ ሴሎች ግን መዋኘት አይችሉም። የበቆሎ ጸጉርን ልብ ብላችሁ እዩ፤ እያንዳንዱ ጸጉር የሚወስደው ወደ አንድ ፍሬ ብቻ ነው። በአንዱ ጸጉር ላይ ግን ብዙ የአበባ ዱቄት ሊያርፍ ይችላል። እያንዳንዱ ዱቄት ቱቦ አብቅሎ ሁለት ወንዴ ሴል ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "ስንት ቱቦ ገባ?" ነው።

ሁለቱ ወንዴ ሴሎች መድረሳቸውን እንደ ብልሽት ማየት። ብልሽት አይደለም። አንዱ ከእንቁላሉ ጋር፣ ሌላው ከእንቁላሉ ጎን ካለው ማዕከላዊ ሴል ጋር ይዋሐዳል። ከሁለተኛው የዘሩ ስንቅ የሆነው ኢንዶስፐርም ይወጣል። የዕፅዋት ተመራማሪው ናቫሺን ይህን ድርብ ፅንሰት የገለጠው በ1898 እ.ኤ.አ. ነው።

ጥበቃውን ለእንቁላሉ ብቻ መስጠት። ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። ከእንቁላሉ አጠገብ ሲነርጂድ የሚባሉ ሁለት ረዳት ሴሎች አሉ። አራቢዶፕሲስ በምትባለው፣ ተመራማሪዎች በሚወዷት ትንሽ ተክል ውስጥ፣ እነዚህ ሴሎች ሉር የተባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖችን እያመነጩ ቱቦውን ይጠራሉ። ቱቦው ሲደርስ አንዷ ሲነርጂድ ትፈርሳለች። ፅንሰቱ ከተሳካ የቀረችው ከኢንዶስፐርሙ ጋር ትዋሐድና ጥሪው ይቆማል። የተፀነሰው እንቁላልም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ሉርን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ወደ ውጭ ይለቃል። ይህ ይፋ የሆነው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብዙ መማሪያ መጻሕፍት ገና አልደረሱበትም ብል ማጋነን አይመስለኝም።

"አንድ ቱቦ ከገባ በቃ፣ አለቀ" ማለት። የመጣው ቱቦ የያዛቸው ወንዴ ሴሎች መዋሐድ ካቃታቸውስ? ያኔ የቀረችው ሲነርጂድ ሌላ ቱቦ ትጠራለች።

ሌላው ደግሞ አንዳንድ ዕፅዋት የራሳቸውን ዱቄት አለመቀበላቸውን ከዚህ ጋር መደባለቅ ነው። ያ የዘመድ ጋብቻን መከልከል ነው፤ ሌላ ጉዳይ።

አንድ እንቁላል ከሁለት ወንዴ ሴሎች ጋር መዋሐዱ "በፍጹም አይከሰትም" ማለት። ይከሰታል፣ ግን ብርቅ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ከአንዲት እናትና ከሁለት አባቶች የተወለዱ አራቢዶፕሲሶችን አሳይተዋል። ሦስት የክሮሞሶም ስብስብ ይዘው በደህና አደጉ። በበቆሎ ደግሞ አልፎ አልፎ ፅንሱ ከአንድ ቱቦ፣ ኢንዶስፐርሙ ከሌላ ቱቦ አባት ያገኛሉ። ይህን ግን ከመጀመሪያው ጋር አታምታቱት፤ እዚህ እንቁላሉ የተዋሐደው ከአንድ ወንዴ ሴል ጋር ብቻ ነው።