ታቡሌ፣ የደበርጃን ሙተበልና ፎሶሊያ በወይራ ዘይት፦ ውሃ የማይቋጥር አትክልት አሠራር

ከሊባኖስ እስከ ግሪክ ባለው የሜዲትራኒያን ዳርቻ የሚበሉ የአትክልት ምግቦች ብዙ ቅመም አይፈልጉም። የወይራ ዘይት፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ትኩስ ቅጠል ካለ ጓዳው ሞልቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሹትም በቅመም ማነስ ሳይሆን በውሃ ነው። ያልደረቀ ቅጠል፣ ጨው ቀድሞ የገባበት ቲማቲም፣ ሳይንጠፈጠፍ የተፈጨ ደበርጃን ሳህኑ ሥር ውሃ ያጠራቅማሉ፤ ሎሚውና ዘይቱም እዚያው ይቀራሉ። ከታች ያሉት መጠኖች ለአራት ሰው ናቸው፤ ሦስቱም ምግቦች የጾም ናቸው።

ታቡሌ

የሊባኖስ ታቡሌ የፐርሰሜሎ (ፓርስሊ) ሰላጣ ነው። ስንዴው የሚገባው ለወጉ ያህል ነው፤ ሰላጣው ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ ካልሆነ ስንዴው በዝቷል።

የሚያስፈልገው፦ ግንዱ ተወግዶ 200 ግራም ያህል ፐርሰሜሎ (3 ትልልቅ እስር)፣ 25 ግራም ናና፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ደቃቅ ቡልጉር (የስንዴ ክክ)፣ 3 ጠንካራ ቲማቲም፣ 4 የሽንኩርት ቅጠል ከነነጩ፣ ሩብ ኩባያ (60 ሚሊ ሊትር) የሎሚ ጭማቂ፣ 80 ሚሊ ሊትር የወይራ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው። ፐርሰሜሎው ቅጠሉ ዝርግ የሆነው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ጥቅልሉ ሲበላ ጉሮሮ ይቧጭራል።

1. ቅጠሉን ሰፊ ሳህን ውስጥ ውሃ ሞልተው ይንከሩት፤ አፈሩ እንዲዘቅጥ ጥቂት ደቂቃ ይተዉት። ከዚያ ቅጠሉን በእጅ ከላይ ያውጡት። ውሃውን ከነቅጠሉ በወንፊት ከደፉት የዘቀጠው አፈር ተመልሶ ቅጠሉ ላይ ያርፋል። ውሃው እስኪጠራ ድረስ ይደጋግሙ። ሰላጣው በጥሬው ስለሚበላ፣ የቧንቧው ውሃ የማያስተማምን ከሆነ የመጨረሻውን እጥበት ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ያድርጉት።

2. በንጹሕ ፎጣ ላይ ዘርግተው ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ያድርቁት። ቸኩለው እርጥቡን ከከተፉት ይላቁጣል፤ ታቡሌን የሚያበላሸው ከምንም በላይ ይህ ነው።

3. ቲማቲሙን ሽምብራ በሚያህል መጠን ከትፈው በወንፊት ላይ ያድርጉት። የሚወርደውን ጭማቂ አይድፉት። ቡልጉሩን በዚህ ጭማቂና በሎሚው ግማሽ ዘፍዝፈው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይተዉት። በውሃ ፋንታ ጣዕም ጠጥቶ ይለሰልሳል።

ቡልጉር ቀድሞ ተቀቅሎ፣ ደርቆ የተከካ ስንዴ ስለሆነ ነው በመዘፍዘፍ ብቻ የሚበላው። የኛ ቅንጨ ግን ጥሬ ክክ ነው፤ ቢዘፈዘፍም ጥርስ ላይ እንደ ጠጠር ይቀራል። ያለዎት ቅንጨ ብቻ ከሆነ እስኪበስል ቀቅለው፣ አጥልለው፣ ትሪ ላይ በስሱ ዘርግተው ያቀዝቅዙትና ከዚያ በጭማቂው ያርሱት።

4. ፐርሰሜሎውን በእጅዎ ጠበቅ አድርገው ጠቅልለው በስለታም ቢላ አንድ ጊዜ ብቻ በቀጭኑ ይክተፉት። ደጋግመው አይመላለሱበት። ቢላው የደነዘ እንደሆነ መክተፊያው አረንጓዴ ሲለብስ ያዩታል፤ ሰላጣው ውስጥ መግባት የነበረበት ጣዕም ነው እንጨት ላይ የቀረው። በመፍጫ ማሽን የተሠራማ ሰላጣ መሆኑ ይቀርና ድልህ ይሆናል። ናናው ቶሎ ስለሚጠቁር መጨረሻ ላይ ይከተፍ።

5. ሁሉንም ቀላቅለው ሊቀርብ ሲል ብቻ ጨው፣ የቀረውን ሎሚና ዘይት ያድርጉበት። የኛ አገር ትንሹ ሎሚ ከትልቁ ቢጫ ሎሚ ይበልጥ ስለሚኮመጥጥ ግማሹን አድርገው ቀምሰው ይጨምሩ። ሊባኖሶች ታቡሌን በሰላጣ ወይም በጥቅል ጎመን ቅጠል እየጠቀለሉ ይጎርሱታል፤ እንጀራ ለለመደ እጅ ይህ አይከብድም።

የደበርጃን ሙተበል

በሌላ አገር ባባ ጋኑሽ በሚል ስም የታወቀው ነው። 2 ትልልቅ ደበርጃን (ወደ 800 ግራም)፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ጣሂና (የተፈጨ ሰሊጥ)፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ሎሚ፣ 1 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ደበርጃኑ ሲይዙት ቀለል የሚል፣ ቆዳው የሚያብረቀርቅ ይሁን፤ ያረጀው ፍሬው በዝቶ ይመርራል።

ደበርጃኑን በሹካ ሦስት አራት ቦታ ይውጉት፤ ካልተወጋ እንፋሎቱ ሊያፈነዳው ይችላል። በከሰል ፍም ወይም በጋዝ ነበልባል ላይ በቀጥታ አስቀምጠው እያገላበጡ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጥበሱት። ቆዳው ጥቁር ሆኖ መቃጠል አለበት፤ የጢሱ ጣዕም የሚመጣው ከዚያ ነው። መብሰሉ የሚታወቀው በመሐሉ ሳይሆን በአንገቱ ነው፦ ቢላ ከግንዱ አጠገብ ያለ ትግል ከገባ ደርሷል። በምድጃ ውስጥ በ230 ዲግሪ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይበስላል፤ ጢሱን ግን አያገኙም። ከሰል ከሆነ ደጅ ላይ ይሥሩት።

ሲበርድ ቆዳውን በእጅ ይላጡ። የተጣበቀችውን ጥቁር ለማስለቀቅ ብለው በውሃ አይጠቡት፤ ጢሱ አብሮ ይሄዳል። ሥጋውን ወንፊት ላይ አድርገው ለ30 ደቂቃ ያንጠፍጥፉት። የሚወርደው ቡናማ ውሃ ምሬትም ስላለው ይደፋ። ቀጥሎ በቢላ ይክተፉት።

ጣሂናውን ለብቻው ከሎሚ፣ ከጨውና ከተወቀጠው ነጭ ሽንኩርት ጋር ሲያማስሉ ድንገት ይጠጥራል። ተበላሸ ብለው አይጣሉት፤ ጣሂና ትንሽ ፈሳሽ ሲነካው እንዲህ ነው የሚሆነው። ቀዝቃዛ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ ጠብ እያደረጉ ይምቱት፤ ነጥቶ እንደ እርጎ ይለሰልሳል። ያን ጊዜ ደበርጃኑን ጨምረው ዘይት ከላይ ያፍስሱበት። ጣሂና ከሌለ በቤት ይሠራል፦ የተፈተገ ነጭ ሰሊጥ በለስላሳ እሳት መዓዛው እስኪወጣ ብቻ አሙቀው ከጥቂት ዘይት ጋር ይፍጩት። ቀለሙ ከጠቆረ ይመርራል። የሑመራ ነጭ ሰሊጥ እስራኤል ያሉ ጣሂና ሠሪዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ነውና ለዚህ ሥራ የተሻለ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም።

ፎሶሊያ በወይራ ዘይት

ግሪኮች ፋሶላኪያ ይሉታል። ከኛ ፎሶሊያ የሚለየው ጥርስ ላይ እንዲንኮሻኮሽ ሳይሆን እስኪልም ድረስ መብሰሉ ነው። 1 ሽንኩርት በ80 ሚሊ ሊትር የወይራ ዘይት በለስላሳ እሳት ያቁላሉ፤ 500 ግራም ጫፉ የተቆረጠ ፎሶሊያ ጨምረው፣ ግማሽ ኩባያ ውሃ አድርገው ለ15 ደቂቃ ይክደኑት። ከዚህ በኋላ ነው 400 ግራም የተፈቀፈቀ ቲማቲም የሚገባው። ቲማቲሙ ቀድሞ ከገባ ኮምጣጣነቱ አትክልቱን አጠንክሮ ይይዘዋል፤ ቢቀቅሉት ቢቀቅሉት አይለሰልስም። ጨው አድርገው ሌላ 30 ደቂቃ ከድነው ያብስሉት፤ መጨረሻ ላይ ክዳኑን ከፍተው ውሃው ተንኖ ዘይቱ ብቻ ሲቀር ያውርዱ። ቀለሙ ወደ ወይራማ ይለወጣል፤ ትክክል ነው።

ለብ ሲል ይበላል። ከፍሪጅ ያደረ ከሆነ ዘይቱ ስለሚረጋ ከመቅረቡ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ያውጡት።